ከቆራሌው ጆንያ የመኪና ዕቃ ይወጣልን?

በዊንጌት አካባቢ የሚኖር ሰው «ቆራሌው!» የሚለውን ጥሪ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ በአፍ ልማድ አጥሮ የወጣ ነው፤ ሆኖም ቆራሌው ዛሬ የሚሰበስበው ቆርቆሮ ብቻ አይደለም። የተሰበረ ባሌስትራ፣ ያረጀ ፒስተን፣ የተበሳ ማርሚታ፣ የተጣመመ የውኃ ቧንቧ፣ ዳዶው የጠፋበት ቡሎን ሁሉ በአንድ ጆንያ ውስጥ ተቀላቅለው ይጓዛሉ። አብዛኛው ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይወርድና ምድጃ ወይም የእጅ መሣሪያ ይሆናል። ጥቂቱ ግን እዚያው ሰፈር፣ በበያጆችና በጋራዦች ደጃፍ ይቀርና ተመልሶ የመኪና አካል ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ጥቂቱ ነው።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ ከተቋቋመው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱም በበኩሉ በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱና ከአርበኞች ጋር በጎጃም በኩል የዘመተውን እንግሊዛዊ መኮንን ኦርድ ዊንጌትን ያስታውሳል። ያ የቀለም ትምህርት ቤት ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። ስለዚህ ሞርሳና ሞረድ ስለሚገራው ብረት ለመነጋገር ከዚህ ሰፈር የተሻለ መነሻ አናገኝም።

አገራችን ውስጥ መኪና በቶሎ አያረጅም፤ ይልቁንም እንዲያረጅ አይፈቀድለትም። ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት የላዳ ታክሲዎች ከፋብሪካ ከወጡ ከብዙ ዓመታት በኋላም በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ሲሠሩ መታየታቸው ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑም ቀደም ብለው የገቡትን የመጠገኑን ሥራ ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል። እንግዲህ አንድ የቴክኒክ ፍላጎት ያለው ተማሪ፣ በግቢው ውስጥ ሞርሳ፣ ትራፓኖና የብየዳ መሣሪያ ቢያገኝ፣ ከቁርጥራጭ ብረት የመኪና ዕቃ መሥራት ይችላልን? መልሳችን «የትኛውን ዕቃ?» የሚል ጥያቄ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሳን በአካባቢው ባለ አንድ ጋራዥ ጠረጴዛ ላይ ያየነው ለሁለት የተከፈለ ዘንግ ነው። ዘንጉ የመሪን እንቅስቃሴ ወደ ፊት ጎማ የሚያደርስ፣ በጫፉም ሜካኒኮች ቴስቲና ከሚሉት መጋጠሚያ ጋር የሚያያዝ ነበር። ከሌላ የተጣለ መኪና ላይ ተወስዶ፣ ርዝመቱ ስላልበቃ መካከሉ በብየዳ ተቀጥሎ፣ በሞረድ ተስተካክሎና ቀለም ተቀብቶ የተገጠመ ነው። የተሰበረው ሹፌሩ መኪናውን ለማቆም በዝግታ ሲያዞር በመሆኑ የተጎዳ ሰው አልነበረም። በዚያው ቀን በአስኮ መንገድ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ በሌላ መልክ እንጽፈው ነበር። «ድንገት ተሰበረ እኮ» አለን ሜካኒኩ። ስብራቱን በማጉያ መነጽር ስንመለከተው ግን ድንገት እንዳልነበረ ራሱ ብረቱ ይናገር ነበር። ወደዚህ ነገር እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን ስለ ብረቱ ማንነት ጥቂት ማለት ይገባናል።

ጆንያው ውስጥ ያለው ማን ነው?

በፋብሪካ የተሠራ ብረት ስምና ቁጥር አለው፤ ጆንያ ውስጥ የገባ ብረት ግን ስሙን አጥቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። ማግኔት የማይስበው ነጣ ያለና ቀላል ቁራጭ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ ቢጫው ነሐስ መሰል ነው፤ ከባዱና በጥፍር የሚጫረው እርሳስ ነው። ዓይን የሚሳሳት ከሆነ አርኪሜድስ አይሳሳትም። ቁራጩን በክር አንጠልጥለን በአየር ላይ 540 ግራም፣ ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ነክረን ደግሞ 340 ግራም ቢመዝንልን፣ የገፋው ውኃ 200 ግራም ነው፤ ይዘቱም 200 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው ማለት ነው። 540 ለ200 ሲካፈል 2.7 ይሰጠናል፤ ይህም የአሉሚኒየም እፍግታ ነው። የብረት 7.9 ገደማ፣ የእርሳስ 11.3 ነው። ውጤቱ 1.8 አካባቢ ከሆነ ግን ማግኒዚየም የበዛበት ቅይጥ ነውና ወደ እሳትም ሆነ ወደ መፍጫ ድንጋይ ልናቀርበው አይገባም። ማግኒዚየም ከተቀጣጠለ ውኃ አያጠፋውም፤ ያባብሰዋል እንጂ።

ማግኔት የሚስባቸውን እርስ በርስ ለመለየት ደግሞ የመፍጫ ድንጋይ የሚያወጣው የእሳት ፍንጣሪ ይረዳናል። እንደ ግንባታ ፌሮና አንጎላሬ ያለው፣ ካርቦኑ ብዙውን ጊዜ ከ0.25 በመቶ የማይበልጠው ለስላሳ ብረት ረዥምና ቅርንጫፍ ያልበዛበት ፍንጣሪ ይረጫል። 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ባሌስትራ ግን ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ የሚፈነዳ ብዙ ቅርንጫፍ ያሳያል። ምክንያቱም በጋለችው የብረት ብናኝ ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተቃጥሎ ጋዝ ሲሆን ብናኟን ከውስጥ ስለሚበትናት ነው። እንደ ፍሬን ታምቡር ያለው፣ ከ2.5 እስከ 4 በመቶ ካርቦን የያዘው ፈሶ የተቀረጸ ብረት ፍንጣሪው አጭርና ቀላ ያለ ነው። ይህን ሙከራ የሚያደርግ ሰው የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረጉን ለማሳሰብ እንኳ አንፈልግም ነበር፤ ነገር ግን ያለ መነጽር ሲሠራ ያየነው ሰው ብዙ ነው።

ሦስት የጆንያ መርፌዎች

የብረቱን ዓይነት ማወቅ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው። ያው አንድ ብረት እንደ ሙቀት ታሪኩ ሦስት የተለያየ ጠባይ ሊኖረው ይችላል። ይህን ለማየት ከሱቅ ሦስት የጆንያ መርፌዎች፣ የከሰል ምድጃ፣ ፒንሳና አንድ ጣሳ ውኃ በቂ ናቸው። ሙከራው ከቤት ውጭ መደረግ አለበት፤ የከሰል ጭስ የሌለው ጋዝ በየዓመቱ በከተማችን የሚያደርሰውን አደጋ ሁላችንም እናውቃለን።

ሦስቱንም መርፌዎች ደማቅ ቀይ እስኪሆኑ እናግላቸው። የመጀመሪያውን አመድ ውስጥ ቀብረን ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ እንተወው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ወዲያው ውኃ ውስጥ እንንከራቸው። ከዚያም ሦስተኛውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ድረስ ወልውለን፣ በፍም አጠገብ በዝግታ ስናሞቀው ገጹ ቀለም ሲለዋውጥ እናያለን፤ በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ፈዛዛ ቢጫ፣ በ255 ቡናማ፣ በ280 ሐምራዊ፣ በ300 ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙ የሚመጣው በብረቱ ገጽ ላይ ከሚበቅለው እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ ዝናብ በጣለበት አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት ቀስተ ደመና የሚያሳየው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰማያዊ ሲሆን ከእሳቱ እናርቀው።

አሁን ሦስቱንም በፒንሳ ይዘን ለማጠፍ እንሞክር። የመጀመሪያው እንደ ሽቦ ይታጠፋል፤ ታጥፎም ይቀራል። ሁለተኛው እንደ ብርጭቆ ቀጭ ይላል። ሦስተኛው ይለመጥና ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። አንድ ብረት፣ አንድ ካርቦን፣ አንድ ቅርጽ፤ ጠባዩ ግን ሦስት!

ምስጢሩ ያለው በአተሞች አሰላለፍ ነው። ንጹሕ ብረት ከ912 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ አተሞቹ አሰላለፋቸውን ይለውጣሉ፤ ካርቦን ያለበት ብረት ደግሞ ይህን ለውጥ ከ727 ዲግሪ ጀምሮ ያደርጋል። የጋለው አሰላለፍ እስከ 2 በመቶ የሚደርስ ካርቦን በሆዱ ማስተናገድ ሲችል፣ የቀዝቃዛው አሰላለፍ አቅም ከ0.02 በመቶ አይበልጥም። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ካርቦኑ ወጥቶ ለብቻው የሚደረደርበት ጊዜ ያገኛል፤ ብረቱም ይለሰልሳል። ውኃ ውስጥ ድንገት ከገባ ግን ካርቦኑ መውጫ ሳያገኝ ይታሰራል፤ አሰላለፉ ይወጠራል፤ እጅግ የጠነከረና ተሰባሪ የሆነው ማርቴንሳይት ይፈጠራል። ሦስተኛውን መርፌ እንደገና ያሞቅነው ከታሰረው ካርቦን ጥቂቱ እንዲፈታ ነው። (በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የእኛ ውኃ ጠረፍ ላይ ካለው ትንሽ ቀደም ብሎ በእንፋሎት ይሸፈናል። ለመርፌ ግን ልዩነቱ የሚታይ አይደለም።)

ከባሌስትራ ማረሻ የሚሠራው የገጠር ባለእጅ ማርቴንሳይት የሚባል ስም ሰምቶ አያውቅም፤ ቀለሙን አይቶ የሚያወጣበትን ቅጽበት ግን ከማናችንም አስበልጦ ያውቃል። ይህን የመሰለ ዕውቀት የያዘን ሰው ኅብረተሰባችን «ቀጥቃጭ» እያለ ሲንቅ መኖሩ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

እንግዲህ ወደ ብየዳ እንምጣ። ባሌስትራ በፋብሪካ እንደ ሦስተኛው መርፌ ተደርጎ የወጣ ብረት ነው። በላዩ ላይ ስንበይድበት ከብየዳው ጥግ ያለው ክፍል ይግላል፤ በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን በፍጥነት ስለሚስበውም እንደ ሁለተኛው መርፌ ተሰባሪ ይሆናል። ከዚያ ትንሽ ራቅ ያለው ክፍል ደግሞ ከልክ በላይ ይለሰልሳል። በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሦስቱም መርፌዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል ማለት ነው። ላዩን በሞረድ ብናሳምረው ይህ አይለወጥም።

የሚዝል ብረት

አንድ ብረት የሚችለውን ያህል ክብደት አንድ ጊዜ መሸከሙ ነገም ይሸከማል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1842 በፈረንሳይ ቬርሳይ አቅራቢያ የባቡር ሞተር አክስል ተሰብሮ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ይህ ጉዳይ መሐንዲሶችን ማሳሰብ ጀመረ። ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር በኋላ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ አንድ ጊዜ ሲጫን ብረቱን የማይሰብረው ጫና ሺህና ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም እንደሚሰብረው አሳየ። ይህን የብረት ዝለት ብለን ልንጠራው እንችላለን።

ድግግሞሹ ስንት እንደሆነ በቀላሉ እናስላ። የአንድ አነስተኛ መኪና ጎማ ዲያሜትር 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 1.88 ሜትር ይሆናል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር 530 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ጎማውን ተሸክሞ አብሮ የሚዞር ዘንግ በእያንዳንዱ ዙር አንዴ በላይኛው ጎኑ አንዴ በታችኛው ይወጠራል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ታክሲ 53,000 ጊዜ ያህል ይወጥረዋል፤ በ19 ቀናት ውስጥም አንድ ሚሊዮን ይሞላል። የመሪ ዘንግ በየዙሩ ባይወጠርም በየጉድጓዱና በየመታጠፊያው ይገፋል፣ ይሳባል፤ የመንገዶቻችንን ጉድጓድ ደግሞ ለአንባቢ መቁጠር አያስፈልገንም።

አሁን በጠረጴዛው ላይ ወዳየነው ዘንግ እንመለስ። የስብራቱ ገጽ ሁለት ዓይነት መልክ ነበረው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለስላሳና የደበዘዘ ሲሆን፣ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ቀለበቶች ከአንድ ነጥብ ተነስተው የሚሰፉ መስመሮች ይታዩበት ነበር። የቀረው ክፍል ሻካራና እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ነበር። ቀለበቶቹ የተነሱበት ነጥብ የብየዳው ጠርዝ ነው። ስንጥቁ ከዚያ ተወልዶ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት እየተራመደ፣ ከንፈሮቹ እርስ በርስ እየተፋጩ ለስልሰው፣ በመጨረሻ የቀረው ጤነኛ ክፍል ጫናውን መሸከም ሲያቅተው በአንድ ጊዜ ተገነጠለ። ድንገት የሆነው ያ የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። ቀለሙ ግን ስንጥቁን ሸፍኖት ኖሯል።

ሜካኒኩ በትዕግሥት ካዳመጠን በኋላ «ታዲያ አዲሱን በምን ይግዛ?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም ርካሽ መልስ የለንም። የምንለው፣ ገንዘቡ አንሶ ምርጫ ካስፈለገ፣ በቁርጥራጭ ብረት ሊተካ የሚችለው ሌላው ዕቃ ይሁን እንጂ መሪው፣ ፍሬኑና ጎማውን የሚይዘው አይሁን ነው።

ስለ ፍሬንም አንድ ስሌት እንጨምር። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከእንጦጦ ቁልቁለት 300 ሜትር ከፍታ በፍሬን ብቻ ቢወርድ፣ 1,500 በ9.8 በ300 ሲባዛ 4.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። አራቱ ታምቡሮች በጠቅላላው 20 ኪሎ ቢመዝኑና የብረት ልዩ ሙቀት በኪሎ ግራም 500 ጁል ገደማ ቢሆን፣ ሙቀቱ ወደ አየር ካልወጣ በቀር የታምቡሮቹ ሙቀት በ440 ዲግሪ ይጨምራል። በእርግጥ ብዙው በጉዞ ላይ ስለሚወጣ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ቢሆንም ከፒስተን ቀልጦ የተቀረጸ አሉሚኒየም ከ250 ዲግሪ በላይ ጥንካሬውን በብዛት ስለሚያጣ፣ ለፍሬን ክፍል እንደማይሆን ከዚህ ይታያል።

እንግዲያው ምን እንሥራ?

ብዙ ነገር! የባትሪ መያዣ፣ የማርሚታ ማንጠልጠያ፣ የጭቃ መከላከያ ድጋፍ፣ ፖርቶ መጋላ፣ የመሣሪያ ሣጥን፣ የካሶኒ ማጠፊያ፣ የማርሽ ዘንግ እጀታ ሁሉ በግቢ ውስጥ ሊሠሩ ይችላሉ። የባትሪ መያዣን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ያልታሰረ ባትሪ ተገልብጦ አሲድ ማፍሰስና ከብረት ጋር ተነካክቶ እሳት ማስነሳት ስለሚችል ሥራው የሚናቅ አይደለም። 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባትሪ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ የክብደቱን ሦስት እጥፍ ያህል ቢገፋ፣ ኃይሉ 441 ኒውተን ነው። ይህን ሁሉ አንድ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ብቻውን ቢሸከመው፣ በጥርሱ በኩል ያለው ስፋት 36.6 ሚሊ ሜትር ካሬ ስለሆነ፣ ጫናው በአንድ ሚሊ ሜትር ካሬ 12 ኒውተን ይሆናል። ተራ ለስላሳ ቡሎን እስከ 240 ድረስ ሳይለጠጥ ይችላል። ሃያ እጥፍ ትርፍ አለን ማለት ነው። የብረቱን ማንነት በእርግጠኝነት ባናውቅ እንኳ ይህ ትርፍ ይሸፍንልናል፤ ለመሪ ዘንግ ግን እንዲህ ያለ ትርፍ የለንም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከ25 ወይም 30 ሚሊ ሜትር አንጎላሬ ለባትሪው ወርድ የሚበቃ ቆርጦ፣ ጫፎቹን በትራፓኖ በስቶ፣ ሹል ጠርዞቹን በሞረድ አለስልሶ፣ ከባትሪው ጋር የሚገናኘውን ገጽ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ መሸፈን ነው። ከቡሎኖቹ ሥር ሮንዴላ ማድረግ አይረሳም። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ዝገቱ ይወገድ።

ከጆንያ የተገኘ ቡሎን ራሱ የሚነግረን ነገር አለው። በራሱ ላይ 8.8 የሚል ከተጻፈበት፣ የፊተኛው ቁጥር መበጠሻ ጫናው በሚሊ ሜትር ካሬ 800 ኒውተን መሆኑን፣ የኋለኛው ደግሞ መለጠጥ የሚጀምረው በዚያ 0.8 እጅ፣ ማለትም በ640 መሆኑን ያመለክታል። ምንም ያልተጻፈበትን ቡሎን ከደካማዎቹ መቁጠር ይበጃል።

የማርሽ እጀታን ከአሮጌ ፒስተን አቅልጦ በአሸዋ ቅርጽ ማፍሰስ ለሚፈልግ፣ የፒስተን ቅይጥ ብዙ ሲሊከን ስላለበት ከንጹሕ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ዝቅ ብሎ፣ ከ577 ገደማ ጀምሮ ይቀልጣል፤ ወናፍ ያለው ከሰል ይበቃዋል። አደጋው ውኃ ነው። ከቀለጠው ብረት በታች የተያዘ አንድ ጠብታ ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ ከ1,600 እጥፍ በላይ ስለሚሰፋ፣ የቀለጠውን ብረት እንደ ጥይት ይረጨዋል። ቅርጹም ሆነ ማማሰያው በደንብ ደርቆና ሞቆ መሆን አለበት፤ ሥራውም ልምድ ባለው ሰው ፊት ብቻ ይደረግ።

በብየዳ ጊዜም ሁለት ሦስት ነገሮች ይታወሱ። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ሲበየድ ዚንኩ በ907 ዲግሪ ስለሚተን፣ ነጩን ጭስ የተነፈሰ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እንደ ወባ በሚመስል ትኩሳት ይያዛል። ነዳጅ የነበረበት ጋን ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው ትነት ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ስለሆነ አይቆረጥም፣ አይበየድም። የድንጋጤ ማብረጃ በውስጡ የታመቀ ጋዝና ዘይት ሊኖርበት ይችላልና እሳት አይነካው። መኪናው ላይ ከመበየድ በፊት ደግሞ የባትሪው ገመድ ይነቀል።

በመጨረሻ አንድ መልመጃ ለአንባቢ እንተዋለን። ፖርቶ መጋላ ላይ 100 ኪሎ ግራም ጭነት አለ እንበል፤ መኪናው በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ3 ሴኮንድ ውስጥ ቆመ። ፖርቶ መጋላውን የያዙት አራት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎኖች እያንዳንዳቸው ስንት ኒውተን ይሸከማሉ? በሚሊ ሜትር ካሬስ? ከአራቱ ሁለቱ ላልተው ቢሆንስ?